ተማረ ሐረጉ የማንም ጥላ አይደለም

በእኛ ዘመን አንድን ጠቢብ ሊያመሰግን የተነሣ ሰው፥ ምስጋናውን ከጠቢቡ ከራሱ ግብር መጀመሩን ትቶ፥ ከባሕር ማዶ የታወቀ አንድ ስም ፈልጎ አምጥቶ «የኢትዮጵያው» የሚል ቅጽል እየለጠፈበት ማቅረቡን እንደ ታላቅ ክብር ይቈጥረዋል። ዓለማየሁ እሸቴ ነሐሴ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ፥ ዕድሜ ልኩን በአማርኛ ሲያዜም የኖረውን ያን ሰው፥ ሐዘኑን የሚናገሩት ሁሉ፥ የውጭዎቹ ጋዜጦችም የኛዎቹም የመድረክ ተናጋሪዎች፥ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ»፥ «የአበሻው ጀምስ ብራውን» እያሉ ሸኙት። ሟቹ ራሱ በወጣትነቱ ጠጕሩን እንደ ኤልቪስ ያበጥር፥ የአሜሪካውያኑንም ዘፈን ይወድ እንደ ነበር የታወቀ ነውና፥ በስሙ አልተቀየመም ይሆናል። እኔ ግን በዚያን ሳምንት ሬዲዮኑን በከፈትሁ ቍጥር፥ ሰውየው በሰው ስም ተገንዞ የሚቀበር እየመሰለኝ እዘጋው ነበር።

ልቃወመው የተነሣሁት አሳብ ከዚህ ከስም አሰጣጥ በታች ተቀብሮ የሚኖረው ነው። «ዜማው የኛ፥ ምቱ የነሱ» ይላል በአጭሩ። በዝርዝር ሲነገርም፥ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ማብቂያና በደርግ መባቻ በአዲስ አበባ የምሽት ቤቶች የተሰማው ዘመናዊ ሙዚቃ፥ በሸክላ ተጭኖ የመጣውን የአሜሪካ ሮክና ሶል በአማርኛ ቃል የሸፈነ፥ ከወገቡ በላይ አበሻ፥ ከወገቡ በታች ፈረንጅ የሆነ ነገር ነው ማለት ነው። ይህን የሚሉት ያልተማሩ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ። ነገር ግን የሚሉት ሙዚቃውን የሚወዱት፥ ሸክላውን የሚሰበስቡት፥ ስለ እርሱም የሚጽፉት ናቸው፤ ይባስ ብሎም ለማመስገን ብለው ይሉታል። ዘፋኙስ በተውሶ ቢሆንም አንድ ስም ደርሶታል፤ ከኋላው ተቀምጦ ምቱን የሚመታው ሰው ግን የተውሶ ስም እንኳ አላገኘም። የተከሰሰው የእርሱ ሥራ ሆኖ ሳለ፥ በክሱ መዝገብ ላይ ተከሳሹ ስም የለውም። ስለዚህ ሙግቴን ከእርሱ እጀምራለሁ፤ ዓመቶቹንም ከውጭው ታሪክ ጋር ለማስተያየት እንዲመች ከዚህ በታች በፈረንጅ አቈጣጠር እጽፋቸዋለሁ።

ተማረ ሐረጉ ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። ዋልያስ ባንድ የሚለውን ስም ግን የማያውቅ ጥቂት ነው። ኦርጋኑን ኃይሉ መርጊያ፥ ቤዝ ጊታሩን መላከ ገብሬ፥ ጊታሩን ማሕሙድ አማን፥ ሳክስፎኑን ሞገስ ሀብቴ፥ ጥሩምባውን ዮሐንስ ተኰላ፥ ፒያኖውን ግርማ በየነ ሲይዙ፥ ሙላቱ አስታጥቄም ቫይብራፎኑን ይዞ ሲታከልባቸው፥ ከሁሉም በስተኋላ ከበሮና ሲምባል ከልሎት የሚቀመጠው ተማረ ሐረጉ ነበር። ባንዱ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ለረጅም ዓመታት ሲጫወት፥ ደርግ የሰዓት እላፊ ባወጀበት ዘመን፥ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወደ ቤቱ መመለስ የማይችለው ታዳሚ በዚያው በአዳራሹ እስኪነጋ ድረስ ይቈይ ስለ ነበር፥ ተጫዋቾቹም እስኪነጋ ድረስ ይጫወቱ ነበር። አንባቢ ይህን በዓይነ ኅሊናው ያስበው። ዘፋኝ ሲደክመው ወርዶ ውኃ ይጠጣል፤ ጥሩምባ ነፊውም ከንፈሩን ያሳርፋል፤ የድራም መቺው እግር ግን ሌሊቱን ሙሉ ያችኑ ፔዳል ሲረግጥ ያድራል፤ እርሱ ቢያቆም ዳንሱ ይቆማል፥ ዳንሱ ቢቆም ውጭ ጨለማው ውስጥ ምን እንዳለ ሁሉም ያስታውሳልና።

ይህ ባንድ በ1977 ዓመት «ቼ በለው» የሚባለውን ሸክላ አወጣ። ስሙ ፈረስ የሚያስጋልብ ሰው የሚያሰማው ጥሪ መሆኑን ለአማርኛ አንባቢ መንገር አያስፈልግም። ስለዚህ ሸክላ አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ፤ ይኸውም እንደ ሌሎቹ ሸክላዎች በአንድ ዘፋኝ ስም የወጣ ሳይሆን፥ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ መሆኑ ነው። እንግዲህ «የአሜሪካን ሙዚቃ በአማርኛ ቃል ሸፈኑት» የሚሉት ሰዎች፥ መሸፈኛው ቃል ከሌለ ዘንድ፥ ከሥር የሚወጣው እርቃኑን የቆመ አሜሪካዊ መሆን ነበረበት። ሸክላውን ለማንም የአገራችን ሰው፥ ለቡራዩ ነጋዴም ሆነ ለሱሉልታ ገበሬ፥ ያለ ምንም ማስታወቂያ አሰሙትና ከየት አገር እንደ መጣ ጠይቁት። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ አንድም የተሳሳተ አላጋጠመኝም።

በዚሁ ሸክላ ላይ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በ1998 ዓመት በኒው ዮርክ ዳክታሪስ የሚባል ባንድ ይህንኑ ሙዚቃ እንደ ገና ተጫውቶ አወጣው። አውጪዎቹም አልበሙን ናይጄሪያ ውስጥ በ1970ዎቹ የተቀዳ አስመስለው ሸጡት፤ ተጫዋቾቹ ግን የኒው ዮርክ ሰዎች ነበሩ። አሜሪካውያን ናይጄሪያውያን መስለው የኢትዮጵያውያንን ሙዚቃ ገለበጡ ማለት ነው፤ «ቅጂ» የሚለው ቃል በማን ደጃፍ መቆም እንዳለበት የሚከራከረኝ ሰው ካለ ከዚህ ቢጀምር ደስ ይለኛል። ያን ጊዜ ግን አንድም ሰው ያን የኒው ዮርኩን ድራም መቺ «የአሜሪካው ተማረ ሐረጉ» ብሎ አልጠራውም።

ይህን ካልሁ በኋላ፥ ለባላጋራዬ የሚገባውን እሰጠዋለሁ። ድራም የሚባለው መሣሪያ ከውጭ መጥቷል፤ ይህን የሚክድ የለም። ከዐድዋ ድል በኋላ የሞስኮብ ንጉሥ የላካቸው የናስ መሣሪያዎች፥ በ1924 ዓመት ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆችና መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፥ ከዚያም የክብር ዘበኛው፥ የጦር ሠራዊቱና የፖሊሱ ሙዚቃ ክፍሎች፥ በስተኋላም በአሥመራ ቃኘው ጣቢያ የሰፈሩት አሜሪካውያን ወታደሮች ሬዲዮ፥ እነዚህ ሁሉ ለሙዚቃችን ያደረጉለትን ውለታ መካድ ድንቍርና ይሆናል። «ሙዚቃዊ ስልት» ላይ ያለው የተማረ አመታትም ከአሜሪካው ፈንክ ጋር ዘመድ መሆኑን፥ ጆሮ ያለው ሰው ይሰማዋል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ከውጭ የመጣ ዕቃ ስንት ዓመት ሲያገለግል፥ በስንት ሰው እጅ ሲያልፍ፥ የቤት ልጅ ይባላል?

ዕቃውን ራሱን ፈታ አድርገን ብናየው፥ «የነሱ» የሚለው ቃል ወዴት እንደሚሸሽ ያስገርማል። ሲምባሎቹን ከመቶ ዓመታት በላይ ከሁሉ አስበልጦ የሚሠራቸው ዚልጂያን የሚባለው ቤት፥ በ17ኛው መቶ ዓመት በቍስጥንጥንያ የነበረ የአንድ አርመናዊ አንጥረኛ ዘር ነው፤ መዳብና ቈርቈሮ ቀላቅሎ ያወጣው ናስ ያን ጊዜ ያገለገለው ለቱርክ ሱልጣን ወታደሮች የጦር ሙዚቃ ነበር። የአውሮፓ ሠራዊቶች ትልቁን ከበሮና ሲምባሉን የወረሱት ከእነዚያው ቱርኮች ነው። በኒው ኦርሊያንስ ከተማ፥ የአፍሪካ ባሮች በሰንበት ቀን ተሰብስበው በሚጨፍሩበት ኮንጎ አደባባይ፥ ከምዕራብ አፍሪካ የመጣው የአመታት ሥርዓት ከዚህ የወታደር መሣሪያ ጋር በአንድ ከተማ ኖረ። ሉድዊግ የተባለው ሰው በ1909 የእግሩን ፔዳል ሠርቶ ሲያወጣ ደግሞ፥ ሦስት ሰው ይመታው የነበረውን አንድ ሰው ተቀምጦ ሊመታው ቻለ። እንግዲህ በዚህ መሣሪያ ላይ አርመን አለ፥ ቱርክ አለ፥ አፍሪካዊ ባሪያ አለ፥ ጀርመናዊ ስደተኛ አለ። ናልባንዲያንና የዚልጂያን አባት የአንድ ሕዝብ ልጆች መሆናቸውን ሳስብ፥ አንዱ ሲምባሉን፥ ሌላው ኖታውን ይዘው፥ በየፊናቸው ዞረው ዞረው አዲስ አበባ ላይ የተገናኙ ይመስለኛል። ይህን ሁሉ ጠቅልሎ «የነሱ» የሚል ሰው፥ እነሱ የሚላቸው እነማን እንደ ሆኑ ቢጠየቅ መልስ ያጣል።

የሮክ ድራም መቺዎች አለቃ ከሚባሉት አንዱ እንግሊዛዊው ጂንጀር ቤከር ነበር። ይህ ሰው በ1939 በለንደን ተወለደ፤ ከ1966 እስከ 1968 ክሪም በሚባለው ባንድ ውስጥ ዓለም ሁሉ አወቀው፤ በ2019 ሞተ። የእርሱን መምህራን ብንመረምር፥ ፊል ሲመን የተባለው የጃዝ ድራም መቺ በወጣትነቱ ቤቱ ወስዶ የአፍሪካን ከበሮ በሸክላ አሰምቶታል፤ ቤከርም ያን የሰማውን ዕድሜ ልኩን ሲከተለው ኖሮ፥ በ1971 በሬንጅ ሮቨር የሰሐራን በረሓ አቋርጦ ሌጎስ ገባ፤ በዚያ ከነበረው ሙዚቀኛ ከፌላ ኩቲ ጋር ተጫወተ፤ በዚያችው ከተማ የመቅጃ ስቱዲዮ አቆመ። ስለዚህ ሰው የተጻፈውን ሁሉ ብታገላብጡ፥ «ከአፍሪካ የተማረ ሊቅ» ተብሎ ተመስግኖ ታገኙታላችሁ እንጂ «የእንግሊዝ ቶኒ አለን» ተብሎ ሲጠራ አታገኙትም። ቶኒ አለን ማን ነው ብትሉ፥ የፌላ ድራም መቺ የነበረ፥ እርሱ ባይኖር አፍሮቢት የሚባለው ነገር እንደማይኖር ፌላ ራሱ የመሰከረለት ሰው ነው፤ እርሱም በተራው ከአሜሪካውያኑ ከማክስ ሮችና ከአርት ብሌኪ ሸክላ ተምሯል።

ነገሩን በሚዛን ላይ አድርጉትና ፍረዱ። እንግሊዛዊ ከአፍሪካ ሸክላ ሲማር ሊቅ ይባላል፤ የኛ ሰው ከአሜሪካ ሸክላ ሲማር አስተጋቢ ይባላል። አንዱ ወሰደ ይባላል፥ ሌላው ተወሰደ። የመማሩ ግብር አንድ ሆኖ ሳለ ስሙ የሚለያየው፥ ፍርዱ በጆሮ ያልተሰጠ፥ ፓስፖርት ታይቶ የተሰጠ ስለ ሆነ ነው። ይህንንም ፍርድ የውጭ ሰው ቢሰጠው በተረዳሁት፤ የኛው ሰው ተቀብሎ፥ አትሞ፥ በመድረክ ላይ ሲያነበው ግን ያሳፍራል።

የሚያሳፍረውም ከሁሉ ይልቅ፥ የራሳችን የትምህርት ሥርዓት ይህን ነገር ከጥንት ጀምሮ በትክክል ሲያውቀው ስለ ኖረ ነው። በቅኔ ቤት ተማሪው የመምህሩን ጎዳና ይይዛል፤ ሙሉ ቤቱን፥ ወደረኛውን፥ አመሉን ሁሉ ይቀዳል፤ ሲቈጥር ውሎ ሲቈጥር ያድራል፤ ከዕለታት አንድ ቀን ግን ከመምህሩ ያልሰማውን ነገር በመምህሩ ጎዳና ላይ ሲናገር፥ ሊቃውንቱ «ዘረፈ» ይሉታል። ቅኔ መፍጠርን በመዝረፍ ስም የሚጠራ ሕዝብ፥ ከሌላ መማርን እንደ ነውር አይቈጥርም። ወደ ላይም ብንወጣ፥ የዜማችን ሁሉ አባት የሚባለው ቅዱስ ያሬድ፥ ግዕዝን፥ ዕዝልንና አራራይን ከገነት ከመጡ ሦስት አዕዋፍ እንደ ተማረ ነው ትውፊቱ የሚነግረን። ሊቃውንቱ ይህን ታሪክ ሲያስተምሩን፥ ያሬድ ለራሱ አንዳች አልጨመረም ማለታቸው ነውን? ወይስ «የኢትዮጵያው ወፍ» ብለው ጠርተውታል?

አሁን ወደ ምቱ እንግባ፤ የክርክሩ ሥጋ ያለው እዚህ ነውና።

የሮክ ምት በተራ አነጋገር አራት እኩል እርምጃ ነው፤ ጭነቱ በሁለተኛውና በአራተኛው ላይ ይወድቃል። የእኛ ጭክቺካ የሚባለው ግን፥ ስሙም ድምፁን ራሱን የሚቀዳው፥ በስድስት ትርታ የሚዞር ሆኖ፥ እርምጃው ረጅም አጭር፥ ረጅም አጭር እያለ የሚሄድ ነው፤ ሁለት እግሩ እኩል ያልሆነ ሰው ወደ ሠርግ ቤት ሲፈጥን የሚመስል ነው። ስድስቱን ትርታ ለሁለት ከፍሎ የሚሰማው ይሰማዋል፤ ለሦስት ከፍሎ የሚሰማውም አይሳሳትም፤ እስክስታ ወራጁ ትከሻውን በአንዱ፥ እግሩን በሌላው አድርጎ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። በንባብ ቤት የተማረ ሰው ይህን ቶሎ ያስተውለዋል። ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ሰያፍ፥ ተጣይ እየተባለ የሚነበበው የግዕዝ ንባብ፥ አንዱን ፊደል ሳይለውጥ፥ ጭነቱን ብቻ ከቦታው ቢያናጉት፥ መምህሩ አለንጋውን ያነሣል። በሙዚቃም እንዲሁ ነው፤ ዜማው አንድም ድምፅ ሳይለወጥ ጭነቱ ቢዛነፍ፥ ያገሩ ሰው መጨፈር ያቅተዋል። ድራም መቺው ማለት ይህን ጭነት ጠባቂ ነው። እንግዲህ «ዜማው የኛ፥ ምቱ የነሱ» የሚለው አባባል፥ «ፊደሉ የግዕዝ፥ ንባቡ የእንግሊዝኛ» እንደ ማለት ነውና፥ እንዲህ ያለ ቋንቋ በምድር ላይ ተነግሮ አያውቅም።

ይህን ለመረዳት የበቃሁት በመጽሐፍ አይደለም፤ እዚሁ በሰበታ በአንድ የጥር ሠርግ ላይ ነው። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፥ በጅማው መንገድ ዳር በሚገኝ አዳራሽ፥ ከአንድ የአቋቋም መምህር ጋር ጐን ለጐን ተቀምጠን ነበር። የሙሽራው እናቶች በኦሮምኛ እየዘፈኑ፥ አንዷ ቢጫ ጀሪካን አስደግፋ በመዳፏ ስትመታ፥ ጀሪካኑ ከድቤ ያላነሰ ድምፅ እየሰጣት፥ ቤቱ ሞቅ ብሎ ቈየ። ቀጥሎ ባንዱ ተነሣ። ድራሙን የያዘው ሃያ ዓመት ያልሞላው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ይመታ እንደ ነበረ አውቃለሁ። ከመጀመሩ በፊት የቤዝ ድራሙን ሆድ ከፈት አድርጎ፥ ድምፁ እንዳይዋዥቅ፥ አንድ የታጠፈ አሮጌ ጋቢ ከተተበት። ከዚያም ጭክቺካውን ጀመረ፤ ቀኝ እግሩ በፔዳሉ ከባዱን ድምፅ ያወጣል፥ ግራ እጁ የስኔሩን ጠርዝ በበትሩ ጐን ቀስ ብሎ ይነካል፥ ቀኝ እጁ ሲምባሉ ላይ ረጅም አጭሩን ይቈጥራል።

የኔታ ዝም ብለው ሲያዩት ቈዩና መቋሚያቸውን ወደ ጕልበታቸው ጠጋ አድርገው፥ «ይኸ ልጅ» አሉኝ፥ «የከበሮውን ሰፊውን አፍ በእግሩ ነው የሚመታው»።

መቼም የኔታ ከዚያ በላይ አልተናገሩም፤ እኔ ግን ያን ምሽት ከጀምስ ብራውን ጋር የነበረኝን ጉዳይ ሁሉ ጨረስሁ። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ሁለት አፍ አለው። ሰፊው የመለኮትን ምሉእነት፥ ጠባቡ ደግሞ ጌታ በአጭር ቁመት በጠባብ ደረት መወሰኑን፥ ዙሪያውን የተጠላለፈው ጠፍርም የግርፋቱን ሰንበር ያመለክታል ብለው ሊቃውንቱ ይተረጕሙታል። መዘምሩ ከበሮውን በአንገቱ አንግቶ፥ አንዱን እጁን በሰፊው፥ ሌላውን በጠባቡ ላይ አድርጎ፥ ከባዱንና ቀጭኑን ድምፅ እያፈራረቀ፥ ከመረግዱ ዝግታ ወደ ጽፋቱ ጥድፊያ ይወጣል። ያ ልጅ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ የከበሮውን ሁለት አፍ ለያይቶ፥ ሰፊውን ከእግሩ ሥር፥ ጠባቡን ከጕልበቱ ላይ አስቀመጠ፤ ጸናጽሉን ደግሞ ከዘንጉ ላይ ሰቅሎ ከራሱ በላይ አቆመው። የመሣሪያው ቅርፅ ተለወጠ እንጂ የሁለቱ አፎች ንግግር አልተለወጠም። ካህናቱ ቢታገሡኝ፥ ይህ ያለ ቱሳሔ፥ ያለ ሚጠት፥ ያለ ውላጤ የተፈጸመ ተዋሕዶ ነው እላለሁ፤ ባይታገሡኝም ብያለሁ።

ተማረ ሐረጉም፥ በአይቤክስና በሮሃ ባንድ ውስጥ ድራሙን የያዘው ተስፋዬ ተሰማም፥ በዚያ ዘመን የሠሩት ይህንን ነበር። መምህር የላቸውም ነበር፤ ጭክቺካን ከበሮ ላይ ሲሰሙ አድገው፥ ድራም ላይ እንዴት እንደሚከፋፈል፥ የትኛው ምት ለእግር፥ የትኛው ለእጅ እንደሚሰጥ የሚያሳያቸው አንድም ሸክላ ከአሜሪካ አልመጣላቸውም፤ ሊመጣም አይችልም፤ አሜሪካውያኑ አያውቁትማ! እዚህ ላይ ጀምስ ብራውን ሊረዳቸው አይችልም ነበር። ራሳቸው ፈለጉት፥ ራሳቸው አገኙት። ዛሬ በየሠርጉ የምንሰማው አከፋፈል እነዚህ ሰዎች በዚያን ጊዜ የቈረጡት ጨርቅ ነው። ማሕሙድ አሕመድ በ1975 ከአይቤክስ ጋር የሠራው «ኧረ መላ መላ» በ1986 ቤልጅግ ውስጥ ታትሞ የአውሮፓን ጆሮ ሲያነቃ፥ የውጭው ሰው የሰማው ድምፁን ብቻ አልነበረም፤ ያን የማይጨበጥ፥ ሁለትም ሦስትም የሆነ ምት ሰምቶ ነው የተደናገጠው።

ሌላም ወገን አለ፤ ለፈረንጅ ምስጋና የማይንበረከክ ስለሚመስለው ራሱን የባህል ጠበቃ አድርጎ የሚቈጥር። ይህኛው «ድራም የባዕድ ጩኸት ነው፤ ከበሮአችንን ገደለብን» ይላል። በሰፈሬ ይህን የሚሉ የማከብራቸው ሽማግሌዎች አሉ። ነገር ግን እነርሱና «የኢትዮጵያው እገሌ» ባዮቹ በአንድ እምነት የሚያምኑ መንትዮች ናቸው፤ ሁለቱም ከውጭ የመጣ ነገር ለዘላለም ባዕድ እንደ ሆነ ይኖራል ብለው ያምናሉ፤ ልዩነታቸው አንደኛው ይህን እያየ ማጨብጨቡ፥ ሁለተኛው ማልቀሱ ብቻ ነው። ከበሮ በዚህ አገር አንድ ግብር ብቻ ይዞ የኖረ ይመስል! ነጋሪት ተጐስሞ ዐዋጅ ይነገር ነበር፤ ሹም ሲሾም ነጋሪት ይመታለት ነበር፤ ከ1942 ጀምሮ የመንግሥት ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ እንኳ ስሙን የወሰደው ከከበሮ ነው። ቆዳ የለበሰ ከበሮ ወረቀት ለብሶ ሕግ ሲሆን ባህል ሞተ ያለ የለም፤ ፔዳል ሲጨመርለት ግን ሙሾ ይወጣል።

ከበሮን የሚገድል ነገር ካለ፥ እርሱ ሌላ ነው። ዋልያስ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደው ጥቂቶቹ እዚያው ሲቀሩ፥ ተማረ ሐረጉ ከተመለሱት ወገን ነበር። ኃይሉ መርጊያ በ1985 ለብቻው አኮርዲዮኑንና ኪቦርዶቹን ይዞ ያን የታወቀ ካሴቱን በአሜሪካ ሲቀዳ፥ ከጀርባው የነበረው የሰው እግር አልነበረም፤ ድራም ማሽን ነበር። ያ ካሴት ድንቅ ሥራ ነው፤ በ2013 እንደ ገና ታትሞ ዓለምን ዞሯል፤ እኔም እወደዋለሁ። ባዳመጥሁት ቍጥር ግን አንድ የጐደለ ሰው እሰማለሁ፤ ማሽኑ አይሳሳትም፥ አይደክምም፥ ወደ ጽፋት መውጫ ሲቃረብም አይቸኵልም። ከዚያ ወዲህ በየሠርጉና በየመጠጥ ቤቱ አንድ ኪቦርድ ብቻውን ባንድ ሆኖ፥ ጭክቺካውን በአንድ ቍልፍ ሲያስጀምረው እንሰማለን። በዚያ ቍልፍ ውስጥ የተቀመጠው አከፋፈል የማን ፈጠራ እንደ ሆነ የሚጠይቅ የለም፤ በካሴቱ ልባስ ላይ ዘፋኙ በፎቶግራፍ፥ ግጥም ደራሲው በስም ሲጻፍ፥ ምቱን ያገኘው ሰው አልተጻፈምና። «የነሱ ነው» ማለት የቀለለንም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል፤ ባለቤቱ ያልተጻፈ ዕቃ ሁልጊዜ ለመጀመሪያው ጠያቂ ይሰጣል።

በዚያ በጥር ሠርግ ማምሻ፥ ልጁ ድራሙን ሲፈታ ጠጋ ብዬ ከማን እንደ ተማረ ጠየቅሁት።

«ከስልኬ ነው ጋሼ» አለኝ፤ «‹ሙዚቃዊ ስልት›ን እየመላለስሁ እየሰማሁ»።

«የሚመታውን ሰው ታውቀዋለህ?»

«ዋልያስ ናቸው»።

«ዋልያስማ ባንዱ ነው። ድራሙን የሚመታው?»

ትከሻውን ነቀነቀ። ስሙን ነገርሁት። «ሐረጉ ነው ሐረገ?» ብሎ አስደገመኝና በስልኩ ላይ ጻፈው፤ ከዚያ ጋቢውን ከቤዝ ድራሙ ሆድ አውጥቶ አራግፎ ተከናነበው፥ ድራሙንም ከበር ቆሞ ወደሚጠብቀው ባጃጅ ተሸክሞ ሄደ። ባጃጁ ኮብል ስቶኑን ወጥቶ ወደ ላይኛው ሰፈር ሲታጠፍ፥ ያልታሰረ ሲምባል ከኋላው ሲንጫጫ እስከ ሩቅ ይሰማ ነበር።